ወተት ያልገባበት ሻይ

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በቦረና፣ ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ባለው የጃታኒ ግቢ፣ ከግራሩ ሥር ለሻይ የተቀመጡት ስድስት ሰዎች ነበሩ። የግቢው ባለቤት ጃታኒ፣ ሚስታቸው ሲንቄ፣ ጎረቤታቸው ዱባ፣ ከነገሌ የመጡት የጨርቅ ነጋዴ ዓብዱልባሲጥ፣ ልጃቸው ሃያት፣ እና ዶዮ። ዶዮ ለጃታኒ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ ለዓብዱልባሲጥ ደግሞ የሱቃቸው ሠራተኛ ነው። ከስድስቱ መካከል ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከነጭራሹ ባይተዋወቁ ደስ የሚለውም እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከድርቁ ዓመት ነው። ያኔ ከብቱ ሁሉ ከስቶ አቅም አጥቶ ነበር። የከሳ ከብት ሌሊት ከተኛበት ጠዋት በራሱ ጉልበት አይነሣም። ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ቀንዱን፣ አንዱ ጭራውን ይዞ፣ ሌሎች ከሆዱ ሥር እንጨት አስገብተው ካላቆሙት በተኛበት ይቀራል። ያን ዓመት በየመንደሩ ጎህ ሲቀድ የወንዱ ሥራ ከብት ማንሣት ብቻ ሆነ። ጃታኒም ወደ ነገሌ ስልክ ደወሉ።

«ዶዮ፣ ና አግዘን። ክንድ አጥሮናል። ዲምቱም መውደቅ ጀምራለች» አሉት።

ዲምቱ የዶዮ ላም ናት። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሲወለድ እትብቱ በተቀበረ ዕለት አንዲት ጊደር ትሰጠዋለች፤ ሀንዱራ ይሏታል። ከእሷ የሚወለደው ሁሉ የልጁ ነው። ልጁ ከተማ ቢገባ፣ ባሕር ቢሻገር፣ ዘመዶቹ ይጠብቁለታል። ቀይዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ዲምቱ የዚያች የዶዮ ጊደር የልጅ ልጅ ነበረች።

ዶዮ መሄድ ጠልቶ አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሲፈጥረው ዓይን አፋር ነው። ሰው ፊት ቆሞ «ይህን ስጡኝ» ማለት ከሸክም ይከብደዋል። ያን ቀን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ዓብዱልባሲጥ ጠረጴዛ ሄደ። እሳቸውም ቀና ብለው «ምን ነበር?» ሲሉት፣ «ነጭ ክር አልቋል» ብሎ ተመለሰ። በማግስቱም ሄደ። ያን ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይል ወለሉን መጥረግ ጀመረ። ወለሉ ጠዋት የተጠረገ ነበር።

አጎቱ እንደገና ደወሉ። «ተነሣህ ወይ?»

«አልተፈቀደልኝም፣ አጎቴ» አለ ዶዮ።

ይህን ሲል ቅልል አለው። ፊት ለፊት ያልሆነ ነገር ለእሱ ሁልጊዜ ቀላል ነው። አጎቱ ዝም ሲሉበት ግን ዝምታውን መሙላት ያለበት መሰለው፤ ጨመረበት። «ከብቱ ይለቅ እንጂ አንተ ከሱቅ አትወጣም አሉኝ። ከወጣህ አትመለስ አሉኝ።»

«እንዲህ የሚል ሰው አለ?» አሉ ጃታኒ።

«አለ» አለ ዶዮ።

ብዙም ሳይቆይ ዲምቱ ሞተች። ዶዮ ወሬውን በስልክ ሰማ፤ ለማንም አልተናገረም። በዚያው ሰሞን ሃያት ከትምህርት መልስ ሱቅ እየመጣች ከአባቷ ጋር መቀመጥ ጀምራ ነበር። ዶዮ ከሴት ልጅ ጋር የሚያወራው ነገር አልነበረውም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ስለ ዲምቱ ሲያወራ ምላሱ ይፈታል። የቀንዷን አጠማዘዝ፣ የጠባይዋን ኩራት፣ ሲያልቧት እንዴት እንደምትቆም ይናገራል። ሃያትም እየሳቀች ትሰማዋለች። ሞተች ቢል ወሬው ያልቃል። ስለዚህ ዲምቱ በነገሌ ሱቅ ውስጥ መኖሯን ቀጠለች።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ዓብዱልባሲጥ ዕቃ ሊያመጡ ወደ ሞያሌ ሲወርዱ፣ ሃያት አክስቷን ልትጠይቅ፣ ዶዮም ዕቃ ሊጭን አብረው ወጥተው ነበር። ያቤሎን እንዳለፉ ዓብዱልባሲጥ መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ «ዛሬማ የዶዮን ከብቶች አይተን፣ የአጎቱን ሻይ ጠጥተን ነው የምናልፈው» አሉ።

ዶዮ ከኋላ ወንበር ወደፊት ተጠጋ። «መንገዱ ለመኪና አይመችም፣ ጋሼ።»

«ፒካፕ ነው እኮ የያዝነው።»

«አጎቴም ቤት አይገኙ ይሆናል።»

«ታዲያ ደውልላቸዋ።»

«እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«ለነገሌ ሲደውሉልህ በምንድን ነው የሚደውሉት፣ በጡሩንባ?» አለች ሃያት። «እኔ ዲምቱን ሳላይ ሞያሌ አልገባም፣ አባዬ።»

ዱብሉቅ ላይ ዓብዱልባሲጥ መኪናውን አቁመው ስኳር፣ የሻይ ቅጠልና ለሽማግሌ የሚሆን የሚታኘክ ትንባሆ ገዙ። ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ዶዮ የስኳሩን ከረጢት ታቅፎ ተቀመጠ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ በእሾሁ መሀል ሲገባ፣ ጎማው እንዲፈነዳ በልቡ ለመነ። ጎማው አልፈነዳም።

ጃታኒ በትራቸውን ይዘው ከግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ዶዮን ግንባሩን ይዘው ባረኩት። ከዚያ ወደ ዓብዱልባሲጥ ዞሩ።

«አካም? ናጋ?» አሉ ዓብዱልባሲጥ፣ በቦረናዎቹ ቋንቋ ሰላም ለማለት እጃቸውን እየዘረጉ።

«ናጋ።»

«ቤቱ ናጋ? ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሣሩስ? ውኃውስ?»

«ዘንድሮ ደኅና ነው።»

ሰላምታው እዚያ ላይ ቆመ። በደንቡ አሁን ጃታኒ በተራቸው የነገሌን ሰላም፣ የዓብዱልባሲጥን ቤት፣ የልጆቹን ጤና መጠየቅ ነበረባቸው። አልጠየቁም። ዓብዱልባሲጥ ትንሽ ጠበቁና ጠያቂ ሲጠፋ ፈገግ ብለው ያመጡትን ስኳር ሰጡ። ሲንቄ ከበሩ ላይ ቆመው ስኳሩን በቀኝ እጃቸው ተቀበሉ፤ «አንቱም ናጋ» ብለው ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ባላየ ነበር። ዶዮ ግን ሁሉንም አየ።

ዱባ ከበረቱ በኩል እየሳቀ መጣ። ከዶዮ በትንሽ የሚበልጥ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። «የከተማው ጌታ! ሱሪህ ተተኩሷል። ላሟ እንዳታጨማድደው ወዲያ ቁም» አለውና እጁን ይዞ መዳፉን ገለበጠው። «እዩልኝ ይህን እጅ! የሙሽራ እጅ ነው የሚመስለው።»

ሃያት ሳቀች። ዶዮም ለመሳቅ ሞከረ።

የሚታለቡት ላሞች ከቤቱ ርቀው አይሰማሩም፤ ከግቢው በስተጀርባ ባለው ሣር ላይ ነበሩ። ጃታኒ እንግዶቹን ይዘው ወረዱ። ነጩ፣ ግራጫው፣ ዳለቻው፣ ሻኛው ተነሥቶ፣ ቆዳው እንደታጠበ ጨርቅ ያበራ ነበር። ሃያት እጇን አንሥታ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ማለት ስትጀምር አባቷ አሳላቸው።

«ሃያት! የሰው ከብት አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«አይቆጠርማ፤ ክፉ ያመጣበታል። እጅሽን አውርጂ።»

ጃታኒ ዓብዱልባሲጥን ቀና ብለው አዩአቸው፤ ከመጡ ጀምሮ በደንብ ያዩአቸው ያን ጊዜ ነው። «ነጋዴው ደንብ ያውቃል» አሉ በቀዝቃዛ ድምፅ። ከዚያም እያንዳንዷን ላም በስሟ ያስተዋውቁ ጀመር። ይህች የእገሊት ልጅ ናት፣ ያቺኛዋ በድርቁ በሣር ፈንታ ቁልቋል በልታ የተረፈች ናት፣ ያቺ ባለ አንድ ቀንዷ ለክፉ ቀን የምትታለብ ናት ይላሉ። አንዲት ግራጫ ላም ቀረብ አለችና የዓብዱልባሲጥን መዳፍ በሸካራ ምላሷ ላሰች፤ ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ማኘክ ጀመረች። ዓብዱልባሲጥ እጃቸውን አልሰበሰቡም። «ብዪ፣ ብዪ፤ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ ሌላ አለኝ» አሏት።

ዱባ በሳቅ ፈረሰ። ዶዮም ለአፍታ ያህል ነገሩ በሰላም ሊያልፍ ነው ብሎ አሰበ።

«ዲምቱ የትኛዋ ናት?» አለች ሃያት።

ጃታኒ ወደ ዶዮ ዞሩ። «አልነገርካትም እንዴ?»

ዶዮ ጫማውን ያይ ነበር።

«ዲምቱ የለችም፣ ልጄ» አሉ ጃታኒ። «በድርቁ ሄደች።»

ሃያት መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። «የቱ ድርቅ? አሁን ባለፈው ወር አይደል እንዴ ወለደች ያልከኝ? ጥጃዋ እንኳ ጥቁር ናት ብለኸኝ…»

ዱባ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የዶዮን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

«ሌላ ላም ነው ያልኩት» አለ ዶዮ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «የሌላ ሰው ላም።»

ሃያት ግራጫዋን ላም እንደገና ማየት ጀመረች፤ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ዓብዱልባሲጥ በቦረናዎቹ ወግ ለሞተችው ላም ለጃታኒ ሐዘናቸውን ገለጹ። ጃታኒም አንገታቸውን ነቀነቁና፣ «ሻይ ደርሷል» ብለው ወደ ግቢው መሯቸው።

ከግራሩ ሥር ቆዳ ተነጥፎ፣ ለእንግዶቹ ደግሞ በርጩማ ወጥቶ ነበር። በዚያ አገር የከሰዓት ሻይ ውኃ ፈልቶ ወተት ጠብ የሚደረግበት አይደለም። ቅጠሉና ስኳሩ ከወተቱ ጋር አብሮ በአንድ ማንቆርቆሪያ ይፈላል፤ ሲቀዳ ወፍራም ነው፤ ብርጭቆው ላይ ይጣበቃል። ወተቱ የተቀመጠበት ዕቃ በእንጨት ጢስ ስለሚታጠን፣ ሻዩም ያን ጢስ ጢስ የሚል ጣዕም ይይዛል። ዶዮ በነገሌ ሻይ ቤቶች ይህን ጣዕም ፈልጎ አግኝቶት አያውቅም።

ሲንቄ መጀመሪያ ለባላቸው ቀዱ፤ ቀጥሎ ለሃያት፣ ለዱባ፣ ለዶዮ። የዶዮን ብርጭቆ ሲሰጡት ጉንጩን ደባበስ አደረጉት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡት። ወደ እሳቱ ዞረው ከአመዱ ዳር ሌላ ትንሽ ማንቆርቆሪያ አነሡና ለዓብዱልባሲጥ ከዚያኛው ቀዱላቸው።

ቀይ ሻይ ነበር። ጠብታ ወተት አልነካውም።

ድርቅ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ በድርቁ ዓመት ሁሉም ቤት ቀይ ሻይ ነበር የሚጠጣው። አሁን ግን ከበረቱ የጥጆች ጩኸት ይሰማል፤ ወተት የሞሉት ዕቃዎች ከበሩ ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ፤ የአራቱ ሰው ብርጭቆ ወተት የገባበት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ለእንግዳ ቀይ ሻይ መስጠት ሰውየውን ከበር ከመመለስ ይብሳል። ዱባ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጃታኒ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሲንቄ!» አሉ።

«እማማ፣ የአባዬ ወተት ተረሳ» አለች ሃያት፣ የራሷን ብርጭቆ ለአባቷ ልትለውጥ እየተነሣች።

«አልተረሳም፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ዓብዱልባሲጥ ብርጭቆውን በጣቶቻቸው መሀል ቀስ አድርገው አዞሩት። «እኔ ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እትዬ ሲንቄ» አሉ። «ይህ ሻይ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። የጠፋኝ ምን እንዳጠፋሁ ነው።»

«ተውት እባክዎ፤ እንግዳ ነዎት» አሉ ጃታኒ። «ሴትዮዋ ላሟን ስለምትወዳት ነው።»

«አልተውም» አሉ ሲንቄ። እስከዚያ ድረስ «አንቱ» ሲሉ የነበሩት ሴት ወደ «አንተ» ወረዱ። «ጠየቀኝ አይደል? እነግረዋለሁ። ዲምቱን ጠዋት ጠዋት እናነሣት ነበር። ባሌ ቀንዷን፣ ዱባ ከሆዷ ሥር፣ እኔ ጭራዋን። የእኔን እድሜ ያላት ሴት የላም ጭራ ስትጎትት አይተህ ታውቃለህ? እንግዲህ አላየህም። አንድ ጠዋት የዱባም ላሞች ወደቁበትና ሳይመጣ ቀረ። እፈርድበታለሁ? አልፈርድበትም። እኔና ይህ ሽማግሌ ብቻ ቀረን። ጎትተን ጎትተን ጉልበቷ ላይ አቆምናት፤ ከዚያ በላይ አቃተን። አንድ ክንድ ነው የጎደለን። አንድ የጎረምሳ ክንድ! እሷ ደግሞ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሣም። ቀኑን ሙሉ ጥላ ይዤላት ተቀመጥሁ።»

ሲንቄ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ዓብዱልባሲጥ ቀሰሩ።

«ልጁ ሊመጣ ነበር! ልቡ እዚህ ነበር። አንተ ነህ ከብቱ ይለቅ እንጂ አንተ አትወጣም ያልከው። ከወጣህ አትመለስ ያልከው። ለአባት አልባ ልጅ እንዲህ ይባላል? ስኳር አምጥተሃል፤ ስኳርህን ጨምሬልሃለሁ። የላሞቼን ወተት ግን ለአንተ አልቀዳም።»

ዓብዱልባሲጥ ብርጭቆውን እንደያዙ ዞረው ዶዮን አዩት።

ዶዮ የራሱን ብርጭቆ ይዞ ነበር። ሻዩ ላይ ስልባቦት ወጥቷል፤ ስልባቦቱን አተኩሮ አየው። አሁን ነው፣ አለ በልቡ። አሁን አፌን ከፍቼ «አልጠየቅኋቸውም፤ ዋሽቼ ነው» ካልኩ ያልቃል። ቃሎቹ ተዘጋጅተው ምላሱ ላይ ነበሩ። አፉንም ከፈተ። ያኔ በነገሌ ጠረጴዛው ፊት ቆሞ «ነጭ ክር አልቋል» ብሎ እንደተመለሰው ሁሉ፣ አሁንም መልሶ ዘጋው። አንገቱ፣ ጆሮው፣ ፊቱ ነደደ። ቀና ቢል ሁሉም የሚያየው መሰለውና ቀና አላለም።

«አባዬ እኮ ያኔ…» አለች ሃያት። «የጎረቤታችን የፎዚያ ባል የአባቱ ከብቶች ጋ ሲሄድ እኮ አባዬ ነው መኪናውን ለሣር መጫኛ የሰ…»

«ሃያት» አሉ አባቷ። «ሻይሽን ጠጪ።»

ከዚያ ዓብዱልባሲጥ ያን ቀይ ሻይ ፉት አሉት። ዋጡት። እንደገና ፉት አሉት።

«እውነት ነው» አሉ። «ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከጣቃው አያልፍም። ሠራተኛዬ ከብት እየሞተበት ቆሞ ጨርቅ ሲለካልኝ፣ ምን ሆንክ ብዬ አልጠየቅሁትም። ጥፋት ነው። ይቅር በሉኝ።»

ጃታኒ የበትራቸውን ጫፍ መሬት ላይ ሲያመላልሱ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ጥፋት ነው ያለ ሰው ላይ ነገር አይቆይም። ይቅር ብለናል» አሉ። ወደ ሚስታቸውም ዞሩ። «ወተት አምጪ።»

ሲንቄ ወዲያው ተነሡ። ቁጣቸው ሲወጣ እንደወጣ፣ ሲገባም እንደዚያው ነው። ወተቱን ከቤት ይዘው መጡና ማንቆርቆሪያውን አነሡ። ዓብዱልባሲጥ ግን ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ሲንቄ። የያዝሁትን ልጨርሰው» አሉ።

ጨረሱትም፤ እስከ ቅጠሉ። ሃያት የራሷን ብርጭቆ ምንም ሳትቀምሰው ቆዳው ላይ አስቀመጠችው። ዶዮም አልጠጣም። አላስቀመጠውምም።

«ይቅርታ በባዶ አይሆንም» አሉ ዓብዱልባሲጥ ባዶውን ብርጭቆ እየመለሱ። «አሁንስ ክንድ ያጥራችኋል?»

«በበጋ ክንድ መቼ ተርፎን ያውቃል!» አለ ዱባ። ነገሩ በመርገቡ ደስ ብሎት ድምፁ ተመልሷል። «የኤላው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ሰው ከሰው በላይ እየቆመ ባልዲ ሲቀባበል ነው ውኃው የሚወጣው። አንድ ሰው ከጎደለ ከብቱ ተሰልፎ ይውላል። ዘንድሮ ሁለት ጎረምሶች ያቤሎ ሥራ ገብተው ከድተውናል።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ የከለከልሁትን ፈቃድ አሁን ሰጥቻለሁ። ዝናቡ እስኪገባ ዶዮ እዚሁ ይቅር።»

ሲንቄ እልል አሉ። «ምነው ያኔ እንዲህ ብትል!» አሉና መጥተው የዶዮን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞሉት። «ጠጣ፣ የእኔ ልጅ። ከስተሃል እኮ። ምን ብሎ ያሠራህ ነበር?»

ዶዮ ጠጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ያ የጢስ ጣዕም ነበር። እንደ መድኃኒት ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው።

እንግዶቹን ሊሸኝ እስከ መኪናው ሄደ። ቦርሳውን ከኋላ አወረደ። ሃያት ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ሌላውም ያወራኸኝ ሁሉ እንዲህ ነው?» አለችው።

«አይደለም» አለ። ከዚያ የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደነበር ለማሰብ ሞከረ። እሷም መስታወቱን ዘጋች።

ዓብዱልባሲጥ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር።

«ጋሼ» አለ ዶዮ። «ጋሼ፣ እኔ…»

«ለእኔ የምትነግረኝ ነገር የለም» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። «እኔ ያን ቀን ምን እንዳልኩና ምን እንዳላልኩ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ለምን አልጠየቅኸኝም? መኪናውንም እሰጥህ ነበር እኮ።»

«አፈርኩ» ማለት ነበር መልሱ፤ ዶዮ እሱንም ለማለት አፈረ።

ፒካፑ በእሾሁ መሀል እየተንገጫገጨ ሄደ። አቧራው ሲረግብ ዶዮ ዞር አለ፤ አጎቱ ከኋላው ቆመው ነበር።

«ያ ሰው ዋሽቷል» አሉ ጃታኒ።

ዶዮ ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ከብት ቢሞት ግድ የማይሰጠው ሰው ከብት ለማየት ብሎ ከአስፋልት አይወርድም። ልጁ የሰው ከብት ስትቆጥር አይደነግጥም። ላም እጅጌውን ስትበላው አይስቅም። ሳየው ገባኝ። አንተን ሳይህ ደግሞ ጨርሶ ገባኝ።» ጃታኒ ትንባሆውን ከአፋቸው አወጡና ተፉ። «ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ አልጠይቅህም። ሰውየውም ስላንተ ብሎ የዋጠውን እኔ አላስተፋውም። ግን ሲንቄ አምናለች። ነገ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ለሴቱ ሁሉ ትናገራለች፤ የነገሌው ነጋዴ እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ነበር፣ ይቅር አልነው ትላለች። ወሬው በመኪና ተሳፍሮ ከእሱ ቀድሞ ነገሌ ይገባል።»

«ይንገሯት፣ አጎቴ» አለ ዶዮ። «እርስዎ ይንገሯት።»

«እኔ?» አሉ ጃታኒ። «እኔ ምን ብዬ?»

በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ላሞቹ ወዳሉበት ወረዱ። ከግራሩ ሥር ሲንቄ ቁጢጥ ብለው ብርጭቆ ያጥቡ ነበር፤ ለራሳቸው የሆነ ነገር ያዜማሉ። የሃያትን ሙሉ ብርጭቆ አንሥተው አዩትና፣ «ይህች ልጅ ሳትጠጣ ሄደች እኮ» አሉ፤ ወተቱ እንዳይደፋ ለጥጃ ወደሚሰጥበት ዕቃ ገለበጡት።

ዶዮ ቦርሳውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ሲንቄ ሄዶ፣ ፈቃዱን ጭራሽ ሳይጠይቅ መዋሸቱን ነገራቸው። በማግስቱ ጠዋት ከዱባ ጋር ወደ ኤላው ወረደ።